ከኬሞው ጎን፦ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ለካንሰር ታካሚ የሚችለውና የማይችለው

ቤጂንግ ባለው የጓንግአንመን ሆስፒታል ሁለት ዓይነት ሕክምና በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጣል። አንዱ በደም ሥር የሚገባው ኬሞቴራፒ ነው። ሌላው ሥሩ፣ ቅርፊቱና ፍሬው በሚዛን ተለክቶ፣ ተቀቅሎ ውሃው የሚጠጣ የዕፅዋት ቅልቅል ነው። ታካሚው ሁለቱንም ሲወስድ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በቻይና ባህላዊው ሕክምና የራሱ ሆስፒታል፣ የራሱ ኮሌጅና የራሱ ሕግ አለው፤ የባህላዊ ሕክምናው አዋጅ በሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከቻይና ድንበር ካለፈ ቆይቷል። ኒውዮርክ ባለው የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከልና ሂውስተን ባለው ኤም ዲ አንደርሰን የአኩፓንክቸር (በቀጭን መርፌ የመውጋት ሕክምና) ባለሙያዎች ከካንሰር ሐኪሞች ጋር በአንድ ተቋም ይሠራሉ። አዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በቻይና መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በአትሌቷ በጥሩነሽ ዲባባ ስም ተሰይሟል። የቻይና የሐኪሞች ቡድንም ከ1974 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ሲመላለስ ኖሯል። ስለዚህ ጥያቄው የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚታከም ወገናችን «አኩፓንክቸር ትፈልጋለህ?» ተብሎ በሆስፒታሉ ሊጠየቅ ይችላል። እዚህ ያለው ደግሞ ዘመድ የላከለትን እንክብል ወይም ዱቄት በትራሱ ሥር አስቀምጦ ለሐኪሙ ልንገር ወይስ ልተው ይላል።

በጉዳዩ ላይ የሚሰማው ክርክር ብዙ ጊዜ ሁለት ጫፍ ይይዛል። አንዱ ወገን «በሺህ ዓመታት የተፈተነ ነው» ይላል፤ ሌላው «ተረት ነው» ይላል። ሁለቱም የቻይና ሕክምናን እንደ አንድ ነገር ይቆጥሩታል። በዚህ ስም ሥር ግን ቀጭን መርፌ አለ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ዕፅ አለ፣ መታሸት አለ፣ እንደ ታይ ቺ ያለ የዝግታ እንቅስቃሴ አለ፣ የአመጋገብ ሥርዓትም አለ። አንዱ በጥናት ተደግፎ ሳለ ሌላው ኩላሊት ሊያበላሽ ይችላል። መልስ የሚገኘው ጥያቄው ሲከፋፈል ነው፦ የትኛው፣ ለየትኛው ችግር፣ ከየትኛው መድኃኒት ጋር? እንዲህ ተከፋፍሎ ሲታይ እስከ ዛሬ የተሰበሰበው ማስረጃ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመዝናል። የቻይና ሕክምና ለካንሰር ታካሚ ጎልቶ የሚጠቅመው ታካሚው ሕክምናውን እንዲችለው በማገዝ ነው፤ ዕጢውን በማጥፋት ረገድ ግን የተሳካለት እምብዛም አይደለም።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

የቻይና ሕክምና መሠረት የሚባለው «ሁዋንግዲ ኔይጂንግ» የተሰኘው መጽሐፍ ከተጻፈ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። በዚያ አስተሳሰብ ጤና ማለት በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው «ቺ» የተባለው ኃይል ሳይታገድ መፍሰሱና ተቃራኒ ባሕርያት ሚዛን መጠበቃቸው ነው። የካንሰር ሐኪሞቹ ከዚህ ሁለት መመሪያ ያወጣሉ፦ የሰውነትን ብርታት መደገፍና ክፉውን ማስወጣት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ኬሞቴራፒና ጨረር ቻይና ሲገቡ ሥራው በተፈጥሮው ተከፈለ። ክፉውን ማስወጣት ለምዕራቡ ሕክምና ተሰጠ፤ ብርታቱን መደገፍ ለዕፅዋቱና ለመርፌው ቀረ። ዛሬ «ደጋፊ ሕክምና» የሚባለው ሐሳብ ከዚህ ክፍፍል ጋር ይገጥማል።

አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል። ዛሬ በሆስፒታል የምናየው የቻይና ሕክምና እንዳለ ከጥንት የወረደ አይደለም። በተለያየ ቤተሰብና አውራጃ ተበታትኖ የነበረውን ዕውቀት በአንድ መማሪያ መጽሐፍ ያሰባሰበው የቻይና መንግሥት ነው። ቤጂንግ፣ ሻንጋይ፣ ጓንጆና ቼንግዱ ላይ የመጀመሪያዎቹ የባህላዊ ሕክምና ኮሌጆች የተከፈቱት በ1956 ነበር። ምዕራቡ ዓለም ደግሞ በሰፊው ያወቀው በ1971 ነው። የኒውዮርክ ታይምሱ ጋዜጠኛ ጄምስ ሬስተን ቤጂንግ ሳሉ ትርፍ አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለተሰማቸው የሆድ ሕመም መርፌ ተደረገላቸው፤ ይህንኑም ጻፉ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ሐኪሞች ጉጉት እያደገ ሄደ። «የሺህ ዓመት ልምድ» የሚለው ቃል የሐሳቡን ዕድሜ በትክክል ሊናገር ይችላል፤ አንድ የተለየ ቅልቅል ከአንድ የተለየ የካንሰር መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ምን እንደሚሆን ግን አይነግረንም። ኬሞቴራፒ ራሱ ገና አንድ መቶ ዓመት አልሞላውም።

ዕጢውን የመታ መድኃኒት፦ የአርሴኒክ ታሪክ

ከቻይና ባህላዊ ሕክምና ወጥቶ ካንሰርን በእርግጥ የፈወሰ መድኃኒት አለ ወይ ለሚል ሰው መልሱ አዎ ነው። መድኃኒቱም አርሴኒክ ነው፤ በየታሪኩ ነገሥታት የተመረዙበት ያው መርዝ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ምሥራቅ ቻይና ሃርቢን ከተማ ያሉ ሐኪሞች የአንድ ባህላዊ ሐኪም መድኃኒት ለካንሰር ይረዳል መባሉን ሰሙ። ቅልቅሉ አርሴኒክ፣ የሜርኩሪ ጨውና የጉርጥ መርዝ ነበረበት። ዶክተር ዣንግ ቲንግዶንግና ባልደረቦቻቸው ሦስቱን ለያይተው መረመሩ፤ የሚሠራው አርሴኒኩ ሆኖ ተገኘ። የተቀሩት ሁለቱ ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ያመዝን ስለነበር ተጣሉ። መድኃኒቱ በተለይ አጣዳፊ ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኪሚያ በተባለው የደም ካንሰር ላይ ኃይለኛ መሆኑ ታወቀ። ይህ በሽታ ደም በማፍሰስ በቀናት ውስጥ የሚገድል፣ ከደም ካንሰሮች ሁሉ እጅግ የሚፈራ ነበር። በኋላ በሻንጋይ እነ ፕሮፌሰር ቼን ዡ አርሴኒኩ በሽታውን የሚያመጣውን የተበላሸ ፕሮቲን እንደሚያፈርስ አሳዩ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2000 ፈቀደው።

ትልቁ ፈተና በ2013 ታተመ። የጣሊያንና የጀርመን ተመራማሪዎች ለከፍተኛ ሥጋት ያልተጋለጡ የዚህ በሽታ ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን ከቫይታሚን ኤ የተሠራ መድኃኒት ከአርሴኒክ ጋር ወሰደ፤ ሁለተኛው ያንኑ መድኃኒት ከኬሞቴራፒ ጋር ወሰደ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው ሳያገረሽባቸው ወይም ሌላ ክፉ ነገር ሳይገጥማቸው የዘለቁት በአርሴኒኩ ቡድን 97 በመቶ፣ በኬሞው ቡድን 86 በመቶ ነበሩ። በአንድ ወቅት የሞት ፍርድ የነበረ በሽታ ዛሬ ያለ ኬሞቴራፒ ይድናል።

ይህን ታሪክ የዕፅዋት ሻጮች ደጋግመው ይጠቅሱታል፤ የሚያስተምረው ግን እነርሱ የሚሉትን አይደለም። አርሴኒኩ መድኃኒት የሆነው ከቅልቅሉ ከወጣ በኋላ ነው። ንጽሕናው ተረጋገጠ፣ መጠኑ በሚሊግራም ተለካ፣ ለአንድ በሽታ ብቻ ተመደበ። ዛሬም ሲሰጥ የልብ ምት በኤሲጂ፣ ደሙ በላቦራቶሪ እየታየ ነው። ከቻይና ምድር የበቀለው ካምፕቶቴካ የተባለው ዛፍ ታሪክም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ከዛፉ የሚገኘውን ንጥረ ነገር በ1966 ይፋ ያደረጉት አሜሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ ናቸው። ያገኙትም የጥንት ማዘዣ አንብበው ሳይሆን ዕፅዋትን በጅምላ ሲፈትሹ ነው። ለአንጀት ካንሰር የሚሰጠው አይሪኖቴካን የተሠራው ከዚህ ነው።

በእነዚህ ስኬቶች አንጻር ያልተሳካው ወይም ገና ያልተረጋገጠው ይበዛል። ከጉርጥ መርዝ የሚሠራውን ሁዋቻንሱ የተባለ መድኃኒት የሻንጋይ ፉዳን ዩኒቨርሲቲና ኤም ዲ አንደርሰን አብረው በጣፊያ (ፓንክሪያስ) ካንሰር ላይ ፈተኑት፤ በ2012 የታተመው ውጤት ተጨማሪ ጥቅም እንዳልሰጠ አሳየ። ሁዋዬር የተባለው የእንጉዳይ ቅመም የተሻለ ተስፋ ሰጥቷል። በ2018 በወጣው ጥናት በ39 የቻይና ሆስፒታሎች የጉበት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ተሳትፈዋል፤ እንጉዳዩን ከወሰዱት በሽታው የተመለሰባቸው ካልወሰዱት ያንሳሉ። ነገር ግን ለንጽጽሩ ቡድን አስመሳይ መድኃኒት ስላልተሰጠው ሐኪሙም ታካሚውም ማን ምን እንደወሰደ ያውቁ ነበር። ውጤቱ በሌላ አገር በጠበቀ ሥርዓት እስኪደገም ድረስ ተስፋ እንጂ ማረጋገጫ አይባልም።

መርፌው የሚያስታግሰው

ወደ ደጋፊው ሥራ ስንመጣ ማስረጃው ይጠነክራል፤ ከሁሉም በላይ የተጠናው አኩፓንክቸር ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰበሰበው የባለሙያዎች ጉባኤ በ1997 አኩፓንክቸር ከቀዶ ሕክምናና ከኬሞቴራፒ በኋላ የሚመጣን የአዋቂዎች ማቅለሽለሽና ማስመለስ እንደሚቀንስ ተስማማ። ለዚህ የሚወጋው ቦታ ከእጅ አንጓ መታጠፊያ ሦስት ጣት ያህል ወደ ክንድ ከፍ ብሎ በሁለቱ ጅማቶች መካከል ነው። በ2000 በወጣ ጥናት ኃይለኛ ኬሞ የሚወስዱ 104 የጡት ካንሰር ታካሚዎች ተካተው ነበር፤ በመርፌው ላይ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት የተጨመረላቸው ከሌሎቹ ያነሰ አስመለሱ። ከዚያ ወዲህ የማስመለሻ መከላከያ መድኃኒቶች በጣም ስለተሻሻሉ መርፌው ዛሬ የእነርሱ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም።

ሁለተኛው ጠንካራ ማስረጃ የመገጣጠሚያ ሕመምን ይመለከታል። የጡት ካንሰራቸው በሆርሞን የሚያድግ ሴቶች ከማረጥ በኋላ ሆርሞኑን የሚያግድ ክኒን ለዓመታት ይወስዳሉ። ብዙዎቹን ጉልበታቸውን፣ ጣታቸውንና ትከሻቸውን ስለሚያማቸው ክኒኑን ያቋርጡታል፤ ሲያቋርጡ ደግሞ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። በ2018 በአሜሪካ 226 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። ሴቶቹ በሦስት ተከፈሉ፦ እውነተኛ መርፌ የተደረገላቸው፣ መርፌው ከቦታው ውጭና ለይስሙላ የተነካባቸው፣ ተራ የሚጠብቁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ከአሥር የሚለካው ሕመም በእውነተኛው ቡድን በ2 ነጥብ ገደማ ወረደ፤ በሌሎቹ በ1 ነጥብ ገደማ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ክኒኗን ለመተው እያመነታች ላለች ሴት አንድ ነጥብ ሕክምናዋን ለመቀጠል በቂ ሊሆን ይችላል። በ2021 ደግሞ ከካንሰር ሕክምና በኋላ ሥር በሰደደ የጡንቻና የአጥንት ሕመም የሚሰቃዩ 360 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት የኤሌክትሪክ አኩፓንክቸር ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ እንዳስታገሰ አሳየ። የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ ማኅበርና የተቀናጀ ኦንኮሎጂ ማኅበር በ2022 ባወጡት የጋራ መመሪያ አኩፓንክቸርን በተለይ ለዚህ የመገጣጠሚያ ሕመም የሚመከር አድርገው አስቀመጡት።

የሚያስገርመው ጥናት ግን በ2019 ስለ አፍ መድረቅ የወጣው ነው። የራስና የአንገት ካንሰር ጨረር ምራቅ የሚያመነጩትን ዕጢዎች ስለሚጎዳ ታካሚው ደረቅ እንጀራ መዋጥ እስኪያቅተው ይደርሳል። ጥናቱ በአንድ ዓይነት ሥርዓት ሻንጋይና ሂውስተን ውስጥ ተካሄደ። በድምሩ ሲታይ በጨረሩ ጊዜ መርፌ የተደረገላቸው ሰዎች ከዓመት በኋላ የአፍ መድረቃቸው ቀንሶ ነበር። ለየብቻ ሲታይ ግን የይስሙላው መርፌ በሂውስተን ታካሚዎች ላይ ጠቀም ያለ ውጤት ሲሰጥ በሻንጋዮቹ ላይ ብዙም አልሠራም። እዚህ ላይ የታካሚው ግምት፣ የባለሙያው አቀራረብና የአገሩ ልማድ ሁሉ እጃቸውን እንዳስገቡ መጠርጠር ይቻላል። ይህ መርፌው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ከጥቅሙ የተወሰነው ከመርፌው ጫፍ ውጭ እንደሚመጣ ግን ያስገነዝባል።

አኩፓንክቸር በሠለጠነ እጅና በአንድ ጊዜ መገልገያ መርፌ ሲሠራ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ቢሆንም ለካንሰር ታካሚ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ነጭ የደም ሴሉ ወይም ደም የሚያረጋው ፕሌትሌቱ በኬሞ ምክንያት ክፉኛ ሲወርድ መርፌ ኢንፌክሽን ወይም መድማት ሊያመጣ ይችላል። ጡቷ ሲወጣ የብብት ዕጢዎቿም የተነሡላትና ክንዷ የሚያብጥባት ሴት ያንን ክንድ ባታስወጋ ይመረጣል። ስለዚህ ባለሙያው የታካሚውን የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራ ማየት አለበት።

ሥሩ፣ ሻዩና እንቅስቃሴው

ለሕክምናው ተጓዳኝ ችግሮች በአፍ ከሚወሰዱት መካከል ጥሩ ጥናት የተደረገባቸው ጥቂት ናቸው። ከእነርሱ አንዱ በቻይናም በእኛም ማድቤት ያለው ዝንጅብል ነው። በ2012 ውጤታቸው የታተመ 576 ታካሚዎች ከተለመደው የማስመለሻ መከላከያ በተጨማሪ በቀን ግማሽ ወይም አንድ ግራም ዝንጅብል ሲወስዱ በኬሞው ቀን የሚሰማቸው ማቅለሽለሽ ቀነሰ። ሌሎች ጥናቶች ያገኙት ውጤት የተደባለቀ ነው። ከካንሰር ጋር የሚመጣውን ተኝተው ቢውሉም የማይለቅ ድካም በተመለከተ ደግሞ በ2013 በ364 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። በቀን 2,000 ሚሊግራም የአሜሪካ ጂንሰንግ ሥር የወሰዱት ከስምንት ሳምንት በኋላ የተሻለ ብርታት እንዳላቸው ተናገሩ። ይህ ጂንሰንግ ከሰሜን አሜሪካ ወደ ቻይና ሲላክ ኖሮ በቻይና ሐኪሞች መዝገብ የገባ ዕፅ ነው።

ጥንታዊውን ቅልቅል እንዳለ ለመፈተን የተደረገው ጥረት የተለየ ክብደት አለው። የዬል ዩኒቨርሲቲው ዩንግ-ቺ ቼንግ ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት ለተቅማጥ የተጻፈ አራት ዕፅ ያለው ማዘዣ ወሰዱ። እያንዳንዱ እሽግ አንድ ዓይነት መሆኑን በላቦራቶሪ አረጋግጠው፣ አይሪኖቴካን ከሚያመጣው የአንጀት መቆጣት ይከላከል እንደሆነ መረመሩ። በ2010 የታተመው የአይጥ ጥናት አንጀቱን እንደሚጠብቅ፣ የካንሰሩን መድኃኒት ግን እንደማያዳክም አሳየ። ለሰው የተደረጉት ሙከራዎች ገና ጥቂት ናቸው። የሥራው ትልቅነት ከውጤቱ ይልቅ በአካሄዱ ነው፤ ቅልቅሉን ሳያፈርሱ በመድኃኒት መለኪያ መመዘን እንደሚቻል አሳይቷል።

ጃፓን ደግሞ ከቻይና ወርሳ ያሳደገችውን «ካምፖ» የተባለ የዕፅዋት ሕክምና በብሔራዊ የጤና መድኅኗ ታስተናግዳለች። ስለዚህ የጃፓን የካንሰር ሐኪሞች ቅልቅሎቹን እንደ ማንኛውም መድኃኒት በአስመሳይ መድኃኒት አስተያይተው ይፈትናሉ፤ ያልጠበቁት ውጤት ሲመጣም ያትማሉ። ጎሻጂንኪጋን የተባለው ቅልቅል ኦክሳሊፕላቲን የተባለው የኬሞ መድኃኒት የሚያመጣውን የእጅና የእግር መደንዘዝ ይከላከላል ተብሎ በሰፊው ይታዘዝ ነበር። በ182 ታካሚዎች ላይ የተጀመረው ጥናት ግን ተቋረጠ። በ2015 እንደታተመው፣ ጠንከር ያለ መደንዘዝ ቅልቅሉን ከወሰዱት 51 በመቶ ገደማ ላይ ሲታይ አስመሳዩን ከወሰዱት 31 በመቶ ላይ ታይቷል። ይረዳል የተባለው አባሰ።

በአፍ የማይወሰደው ታይ ቺ በጸጥታ ጥሩ ውጤት አስመዝግቧል። በ2017 የታተመ ጥናት እንቅልፍ ያጡ 90 ከጡት ካንሰር የተረፉ ሴቶችን ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ታይ ቺ፣ ለሁለተኛው ለእንቅልፍ ማጣት ዋና የሚባለውን የሥነ ልቦና ሕክምና ሰጠ። ከዓመት ከሦስት ወር በኋላ ታይ ቺው ከሥነ ልቦናው ሕክምና የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ከጉልበት ሠራተኛ እስከ አዛውንት ሊሠራው የሚችል፣ ከማንኛውም መድኃኒት ጋር የማይጋጭ ነገር ነው።

ለምን የቻይና ጥናቶች ብቻቸውን አይበቁም?

አንባቢ «ቻይና ውስጥ የተሠሩ ብዙ ሺህ ጥናቶች እያሉ ስለምን የአሜሪካ ጥናት ይጠቀሳል?» ቢል ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1998 ተመራማሪው አንድሩ ቪከርስና ባልደረቦቻቸው የአኩፓንክቸር ጥናቶችን በየአገሩ ሲመድቡ ከቻይና የወጡት ሁሉም «ይሠራል» የሚሉ ሆነው አገኟቸው። ማንኛውም ሕክምና አንዳንዴ ይወድቃል፤ ወድቆ የማያውቅ ከሆነ የወደቀው አልታተመም ወይም አለካኩ ላልቷል ማለት ነው። በ2006 ሁዋንግ ቺ የተባለውን ሥር ለሳንባ ካንሰር ከኬሞ ጋር የሰጡ 34 የቻይና ጥናቶች ተሰብስበው ተተነተኑ፤ በድምሩ 2,815 ታካሚዎች ነበሩ። ስሌቱ በመጀመሪያው ዓመት የሞት አደጋ በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደቀነሰ አሳየ። ተንታኞቹ ግን ጥናቶቹ ጥራታቸው ዝቅተኛ በመሆኑ ውጤቱ በጠንካራ ሙከራ መረጋገጥ አለበት ብለው አስጠነቀቁ።

ለባህላዊው ወገን ፍትሐዊ ለመሆን ችግሩ ስንፍና ብቻ አይደለም። የመራራ ቅልቅል ጣዕም ያለው ነገር ግን ምንም የማይሠራ አስመሳይ ማዘጋጀት ያስቸግራል። የቻይና ሐኪም ለእያንዳንዱ ሰው ማዘዣውን ስለሚለዋውጥ አንዱን ቅልቅል ለሺህ ሰው መስጠት ከሙያው ጋር ይጋጫል። የዕፅዋት ባለቤትነት መብት ስለማይገኝም ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ኩባንያ አይኖርም። ምክንያቱ ይገባናል። ማስረጃው ግን በምክንያቱ አይሞላም።

ጉዳቱ የሚመጣበት በር

«ከተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው እምነት ስንት ሰው እንዳስከፈለ ለማወቅ ብራስልስን ማየት ይበቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ የቻይና ዕፅ ያለበት ክኒን የወሰዱ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ኩላሊታቸው ተበላሸ። መነሻው የአንዱ ዕፅ በሌላ መተካቱ ነበር፤ በስም የሚቀራረቡ ሁለት ሥሮች ተምታትተው፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ የያዘው ገባ። በ2000 እንደተዘገበው ኩላሊታቸውና የሽንት ቧንቧቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው 39 ታካሚዎች 18ቱ ካንሰር ተገኘባቸው። በ2017 ደግሞ በታይዋን 98 የጉበት ዕጢዎች ተመርምረው ከአራት ሦስቱ ያህል ይህ መርዝ በዘረመል ላይ የሚተወውን ምልክት ይዘው ተገኙ። ታይዋን ዕፁን ያገደችው በ2003 ነበር። ለጤና ብለው የወሰዱት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው በር መቀላቀል ነው። ፒሲ-ስፔስ የተባለው ስምንት ዕፅ ያለው እንክብል በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለፕሮስቴት ካንሰር በሰፊው ይሸጥ ነበር። የታካሚዎቹም የደም ምርመራ ቁጥር ወርዶ ብዙዎችን አስደስቷል። በላቦራቶሪ ሲመረመር ግን ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን፣ ሰው ሠራሽ የሴት ሆርሞንና የሕመም ማስታገሻ ተገኘበት፤ በ2002 ከገበያ ተነሣ።

ሦስተኛውና በየዕለቱ የሚያጋጥመው በር የመድኃኒት መጋጨት ነው። ብዙዎቹን የካንሰር መድኃኒቶች የሚያፈራርሱት የጉበት ኢንዛይሞች ናቸው። አንድ ዕፅ ኢንዛይሙን ካነቃቃው መድኃኒቱ ሳይሠራ ይወጣል፤ ካገደው ተከማችቶ ይመርዛል። ለምሳሌ በምዕራቡ ዓለም ለመንፈስ ጭንቀት የሚወሰደው ሴንት ጆንስ ወርት የተባለው ዕፅ የአይሪኖቴካንን የሚሠራ ክፍል በደም ውስጥ በ42 በመቶ እንደቀነሰ በ2002 ታይቷል። ታካሚው ምንም አይሰማውም፤ ኬሞውን ተወጋሁ ይላል፣ የወሰደው ግን ግማሽ ያህሉን ነው። ቻይናውያን ለሴቶች የሚያዙት ዳንግ ጉዪ የተባለው ሥር የዋርፋሪንን ኃይል ይጨምራል፤ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቅ ሰው መድማት ማለት ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን ዋናውን ሕክምና መተው ነው። በ2018 የዬል ተመራማሪዎች ሊድን የሚችል ካንሰር ይዟቸው ተጨማሪ ሕክምና የተጠቀሙ 258 ሰዎችን ከሌሎች ጋር አነጻጸሩ። ተጠቃሚዎቹ የመሞት አደጋቸው በሁለት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። ምክንያቱ ሲፈለግ ከነዚህ ሰዎች 34 በመቶው ኬሞቴራፒ፣ 53 በመቶው ጨረር እንቢ ብለው ነበር። የሚጎዳው በኬሞው ጎን የቆመው ዕፅ ብቻ አይደለም፤ በኬሞው ቦታ የቆመው ይብሳል።

ወደ እኛ ሲመጣ

በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ጨረር የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ ታካሚ ተራውን ወራት ሲጠብቅ የሚያውቀውን ቢሞክር አይፈረድበትም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በ2016 በታተመ ጥናት ኬሞ ከሚወስዱት አብዛኞቹ ባህላዊ ወይም ሌላ ተጨማሪ ነገር ይጠቀሙ ነበር፤ ለሐኪማቸው የነገሩት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ዕፁ ጤና አዳም፣ ጥቁር አዝሙድ ወይም ከቻይና የመጣ ዱቄት ይሁን ጥያቄው አንድ ነው፤ ዝምታውም አንድ ነው።

ይህ ዝምታ የሚሰበረው በሁለት ወገን ነው። ሐኪሙ «ሌላ ምን ትወስጃለሽ?» ብሎ ሳይቆጣ ሲጠይቅ ታካሚዋ ትናገራለች፤ «ይህን ቆሻሻ ጣይ» ያላት እንደሆነ ግን በሚቀጥለው ቀጠሮ እሽጉን ቤት ትታ ትመጣለች። ታካሚዋ በበኩሏ እሽጉን ራሱን ብታመጣ፣ የዕፁ ስም በግልጽ ተጽፎበት እንደሆነ ብታይ፣ ኬሞ ከመውሰዷ በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት እንድታቆም ብትጠየቅም ባትከፋ ይበጃል። ያልታወቀ ቅልቅል፣ «ስሙ ምስጢር ነው» የተባለ ዱቄት፣ ዋናውን ሕክምና አቁም የሚል ሻጭ፣ ለሁሉም ካንሰር የሚሆን መድኃኒት አለኝ የሚል ሰው፣ ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ ባለበት ንግግሩ እዚያው ማብቃት አለበት።

ማስረጃውን ሁሉ አንድ ላይ ስናየው ምርጫው በምዕራብና በምሥራቅ መካከል አይደለም። ለማቅለሽለሽና ለመገጣጠሚያ ሕመም መርፌ፣ ለእንቅልፍ ማጣት ታይ ቺ፣ በሐኪም ዕውቅና የሚወሰድ ዝንጅብል አሁን ባለው ዕውቀት ሊመከሩ የሚችሉ ናቸው። የተቀቀለው ቅልቅል ግን ለእያንዳንዱ መድኃኒት ለየብቻ እስኪፈተን ድረስ ማዘዣውን የሚጽፈው ሰው የካንሰር ሐኪሙ ስልክ ያለው መሆን ይኖርበታል። ጓንግአንመን ያለው የቻይናው ታካሚ ከእኛው የሚበልጠው በዚህ ነው፤ ቅልቅሉን የሚያዝለትና ኬሞውን የሚሰጠው በአንድ ተቋም አንድን መዝገብ ያያሉ። ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልን የሚያህል ተቋም ባለን አገር ያንን መዝገብ ማገናኘት ከአቅማችን በላይ አይደለም።